ትራስጌ ያለው ፌስታል

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚያቀናው ዳገት ላይ ከቤት መውጣት ያቆሙ አረጋውያን ብዙ ናቸው። ዕንጨት ከተራራው ሲያወርዱ ኖረው ጉልበት የከዳቸው እናቶች አሉ፤ ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የቀሩም አሉ። የአንዲት እናት ፌስታል ከትራስጌያቸው ወርዶ ሲዘረገፍ አይቻለሁ። የደም ግፊት ኪኒን፣ ልጃቸው ከአሜሪካ የላከችው መልቲቫይታሚን፣ ካልሲየም፣ ከሰፈር ፋርማሲ የተገዛ የብረት ኪኒን፣ ጊዜው ያለፈበት የዓሣ ዘይት። እንግሊዝኛውን ስለማያነቡ በክዳኑ ቀለም ይለዩታል። «ቀዩ ለደም፣ ነጩ ለአጥንት» አሉኝ።

ቤት ለዋለ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያሳስበው ቫይታሚን ዲ ነው። ፀሐይ በሞላበት አገር ይህ እንግዳ ይመስላል፤ ነገር ግን ያረጀ ቆዳ ቫይታሚኑን የሚሠራው በጥቂቱ ነው፤ በመስታወት አልፎ የሚገባው ብርሃን ደግሞ ለዚህ አይጠቅምም። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ የፈረንሳይ ጥናት በመጦሪያ ቤት ላሉ 3,270 አሮጊቶች ቫይታሚን ዲና ካልሲየም መስጠት የዳሌ ስብራትን በእጅጉ እንደቀነሰ አሳየ። በ2022 የታተመው የአሜሪካ ጥናት ግን 25,871 ጤነኛ ሰዎችን ተከታትሎ ቫይታሚን ዲ ብቻውን ስብራት እንዳልቀነሰ አገኘ። እኔ ሁለቱን የሚጣሉ አድርጌ አላያቸውም፤ ኪኒኑ የሚጠቅመው ለጎደለበት ሰው ነው።

ሁለተኛው ቢ 12 ነው። በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከወተትና ከእንቁላል ሲሆን፣ አጽዋማቱን ሁሉ ለሚጾሙ እናት ዓመቱ ከግማሽ በላይ ያለ እነዚህ ያልፋል። በዕድሜ የሆድ አሲድ ሲቀንስ፣ ለስኳር ሜትፎርሚን ወይም ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ደግሞ ጉድለቱ ይብሳል። እግር ይደነዝዛል፣ ነገር ይረሳል፤ ቤተሰቡም «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። ይህ ያሳዝነኛል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ይታከማልና። ጾሙ ሌላም ጣጣ አለው፦ ብዙው እንክብል የተለበጠበት ጀላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚሠራ ነው። ይህን ሰምተው ኪኒኑን የሚተዉ አሉ፤ የንስሐ አባትና ሐኪም አብረው ሊመክሩበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

የብረት ኪኒን ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከቡና ጋር ከተወሰደ ሰውነት የሚያገኘው ትንሽ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያስፈራው ግን የደም ማነሱ ምንጭ ሆድ ውስጥ የሚደማ ቁስል ሆኖ ኪኒኑ ሊሸፍነው መቻሉ ነው።

የመንግሥት ፕሮግራም ለሕፃናት ቫይታሚን ኤ፣ ለነፍሰ ጡሮች ብረትና ፎሊክ አሲድ ይሰጣል። ለአረጋውያን በዋናነት የሚደርሰው ሁሉም የሚበላው አዮዲን ያለው ጨው ነው። ሆኖም ቤት ለቤት የሚዞሩ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አሉ። የእኒያን እናት ፌስታል የዘረገፈችው ግፊት ልትለካ የመጣች ነርስ ነበረች። የዓሣ ዘይቱን ጣለች፤ ብረቱን እስኪመረመሩ አቆመች፤ ወንበራቸውንም ከመስኮቱ ሥር አንስታ ደጃፉ ላይ፣ ፀሐዩ ዘንድ አኖረችው።