የሊባኖስ መከላከል፦ ሲጸናና ሲላላ

በደቡባዊው የቤይሩት ዳርቻ የሚገኘው አል አህድ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 በኩዋላ ላምፑር የሰሜን ኮሪያውን «ኤፕሪል 25» 1 ለ 0 ረትቶ የእስያ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫን ያነሣ የመጀመሪያው የሊባኖስ ክለብ ሆነ። ብቸኛዋን ግብ ያስቆጠረውም ጋናዊው ተከላካይ ኢሳ ያኩቡ ነበር።

የብሔራዊ ቡድኑ መከላከል ግን በጃንዋሪ 2024 በኳታሩ የእስያ ዋንጫ ወጥነት አጣ። በአስተናጋጇ 3 ለ 0 ተሸነፈ፤ ከቻይና ጋር ያለ ግብ ተለያየ። ታጂኪስታንን 1 ለ 0 ሲመራ አንድ ተጫዋቹ በቀይ ካርድ ወጣበት፤ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎችም 2 ለ 1 ተረታ። ቢያሸንፍ ኖሮ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጥሎ ማለፉ ባለፈ ነበር።

ኳስ ለመንጠቅ ወደ ፊት መገሥገሥ ተገቢ ስልት ነው፤ የኋላው መስመር አብሮ ካልተጠጋ ግን የተተወው ክፍተት ለባላጋራ መንገድ ይሆናል።