ሩዝና ወተት በአንድ ሳህን

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው 55 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ወረታ ይደርሳል። ወረታ የመንገድ መገናኛ ናት፤ አንደኛው መንገድ ወደ ጎንደር ሲቀጥል፣ ሁለተኛው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በደብረ ታቦር በኩል እስከ ወልድያ ይዘልቃል። ወደ ጣና ሐይቅ በኩል የተዘረጋው ዓይን የማይጨርሰው ሜዳ ፎገራ ነው። በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ ውሃው ሲሸሽም ጥቁር ለም አፈር ትቶ ይሄዳል። ይህ ሜዳ በሁለት ነገሮች ይታወቃል፤ በላሙና በሩዙ።

እኔ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለማስተማር ተመድቤ ወደዚህ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ባለፈው ፋሲካ ወደ ቤተሰቦቼ መሄድ ስላልቻልኩ፣ ከሁለቱ የአገሩ በረከቶች አንድ ጣፋጭ ሠርቼ ለአከራዬ በስጦታ ለማቅረብ አሰብኩ። የጀመርኩት ስለ ምግብ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ሳላውቀው ከአንድ የቤት ክርክር መካከል ገባሁ።

የእናትና የልጅ ክርክር

አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው ትልቅ ሴት ናቸው። እኔ «እትዬ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ደስ ሲላቸው «ልጄ»፣ ሲቀልዱብኝ ደግሞ «መምህር» ይሉኛል። ከከተማው ዳር ያለውን መሬታቸውን የሚያርሰው የመጨረሻ ልጃቸው ሲሆን፣ እሳቸው አንዲት ጥቁርና ነጭ የፎገራ ላም አለቻቸው። ልጅየው ላሟ የምትግጥበትን የቀረችውን ቁራጭ መሬት አርሶ ሩዝ ሊዘራባት ይፈልጋል። እናትየውም «እሷንም ካረስካትማ ላም አለኝ በሰማይ ሆኜ መቅረቴ ነው» እያሉ ይከላከላሉ።

ይህ ክርክር የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። ሩዝ ለፎገራ እንግዳ ነበር። በሜዳው ላይ የዱር ሩዝ በቅሎ ከታየ በኋላ፣ በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በረዱት ሥራ በገበሬዎች አምራች ማኅበራት እርሻ ላይ መዘራት ጀመረ። ገበሬው ለብዙ ዓመታት ሲዘራው የኖረው «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ጅግና ከተባለው ከዚያው ከአካባቢው ቦታ ነው። በክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ ሌላ እህል እምብዛም የማይበጅበት መሬት ለሩዝ ተስማማው። በ2000 ዓ.ም. ግድም ሩዝ «የሚሊኒየሙ ሰብል» ተባለ፤ ወረታም የብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ሆነች። ዛሬ የፎገራ ሩዝ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይሆናል፤ ዳቦ ይሆናል፤ ጠላና አረቄም ይሠራበታል። እንግዳው በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ቤተኛ ሆነ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ማሳው በሰፋ ቁጥር ግጦሹ ጠበበ። በወተቱ የተመሰገነው የፎገራ ከብት ከብዙ ዘመን ጀምሮ የሚያድረው በዚሁ ሜዳ ሣር ነበር። አሁን ንጹሑ ዝርያ እየተመናመነ ስለሄደ፣ በባሕር ዳር አጠገብ እንዳለው እንደ አንዳሳ ባለ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ዘሩን ለመጠበቅ ይደከማል። እንግዲህ በድስት ውስጥ የሚስማሙት ሩዝና ወተት በሜዳው ላይ ባላንጣዎች ናቸው።

ከጣሊያን የመጣው አሳብ

አዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ አንድ ጓደኛዬ ደመወዝ የተቀበለ ዕለት ቲራሚሱ የሚባል ጣፋጭ ጋብዞኝ ነበር። የቃሉ ትርጉም «ወደ ላይ ሳበኝ» እንደ ማለት ነው። በቡና የራሰ ብስኩት ይነጠፋል፤ በላዩ ማስካርፖኔ የተባለ ለስላሳ አይብ ከእንቁላልና ከስኳር ጋር ተመትቶ ይደረብበታል፤ እንደገና ብስኩት፣ እንደገና አይብ፤ በመጨረሻም ካካዎ ይነሰነስበታል። እሳት አይነካውም፤ በቅዝቃዜ ብቻ ይጠነክራል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግድም በሰሜን ጣሊያን በትሬቪዞ ከተማ አንድ ምግብ ቤት እንዳስተዋወቀው ይነገራል፤ የፍሪዩሊ አገር ሰዎች ግን «የኛ ነው» ብለው ይከራከራሉ።

ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። የማስካርፖኔ አገር ሎምባርዲያ፣ የፖ ወንዝ በሚያጠጣው ታላቅ ሜዳ ላይ ይገኛል። ያው ሜዳ ጣሊያንን በአውሮፓ የመጀመሪያዋ ሩዝ አምራች ያደረጋት ነው። እዚያም ወንዝ፣ ሩዝና ወተት አንድ ላይ ይኖራሉ፤ እዚህም እንዲሁ። የጣሊያን ነገር ደግሞ ለኛ ጆሮ አዲስ አይደለም፤ ማኪያቶው፣ ፓስታውና ፉርኖው ከስማቸው ጋር ቀርተውልናል። ስለዚህ የእነሱን አደራረብ ከኛ አይብ፣ ከኛ ቡናና ከፎገራ ሩዝ ጋር ባጋባው ምን ይለዋል አልኩ።

የመጀመሪያው ውርደት

የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረግሁት ለገና ነበር። አይቡን እንዳለ ከማር ጋር ቀላቀልኩት፤ ዳቦውን በትኩስ ቡና ዘፍዝፌ ረሳሁት። እትዬ በማንኪያ ገልበጥ አድርገው አዩትና «መምህር፣ ይህማ ፍትፍት ነው!» አሉኝ። ልጃቸው እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ማታ ግን ጥፋቱ ከምን እንደ መጣ ማሰላሰሌ አልቀረም።

ምሥጢሩ ያለው በስቡ ነው። ወተት ሲረጋ ጥቃቅን ሕዋሳት በውስጡ ያለውን ስኳር ወደ አሲድ ይለውጡታል። እርጎው ተገፍቶ ቅቤው ከወጣ በኋላ የቀረው አሬራ በለዘብተኛ እሳት ሲሞቅ፣ ፕሮቲኑ ተሰባስቦ አይብ ይሆናል፤ ውሃው አጓት ሆኖ ይለያል። ማስካርፖኔም በእሳትና በአሲድ የሚሠራ ነውና የአይባችን ዘመድ ነው። ነገር ግን እሱ ከራሱ ከስልባቦቱ ስለሚሠራ ይለሰልሳል፤ የኛው ቅቤው ስለ ወጣለት ይፈረፈራል። ስለዚህ የተወሰደበትን ጥቂት መመለስ ያስፈልጋል።

አሠራሩ

ከገና በኋላ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ሁለት ጊዜ ሞከርኩት። መለኪያውን በደብተር የጻፍኩት በምክንያት ነው። 55ቱ የጾም ቀኖች ከገቡ በኋላ ወተት አይቀመስም፤ ጣፋጩ ደግሞ የሚሠራው በቀዳም ሥዑር ስለሆነ፣ ሠሪው በምላሱ ሳይሆን በብርጭቆው መተማመን አለበት። ለስምንት ሰው የሚበቃው ይህ ነው፦ አንድ ብርጭቆ ሩዝ፣ አራት ብርጭቆ ወተት፣ ግማሽ ኪሎ አይብ፣ ሁለት ማንኪያ ለጋ ቅቤ፣ አራት ማንኪያ ማር፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር፣ ሁለት ሲኒ ወፍራም ቡናና የትናንት ድፎ ዳቦ።

በመጀመሪያ ሩዙ ታጥቦ በአንድ ብርጭቆ ተኩል ውሃ ይቀቀላል። ውሃውን ሲመጥ ወተቱ ይጨመርና በለዘብተኛ እሳት እየተማሰለ ግማሽ ሰዓት ያህል ይበስላል። ስኳሩ የሚገባው በመጨረሻ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ሩዙ ቶሎ አይለሰልስም። እንደ ገንፎ ሲወፍር ወርዶ ይቀዘቅዛል። ወተቱ ሳይፈላ እንዳይቀር አደራ፤ ጥሬ ወተት የከብት ነቀርሳንና ብሩሴሎሲስን ወደ ሰው ያስተላልፋል።

ሁለተኛ፣ አይቡ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ተቋጥሮ አጓቱ እስኪወጣ ይንጠለጠላል። ከዚያ በወንፊት ላይ በማንኪያ ጀርባ ታሽቶ ያልፋል፤ ለስላሳ ከሆነው ለጋ ቅቤና ከማሩ ጋርም በደንብ ይመታል። ጣሊያኖቹ የሚጨምሩትን ጥሬ እንቁላል እኔ ትቼዋለሁ፤ ለጤናም ያሰጋል፣ እትዬም ጥሬ እንቁላል ያለበትን ነገር በዓይናቸው አያዩትም።

ሦስተኛ፣ የድፎው ቅርፊት ይነሣና ውስጡ እንደ ጣት ውፍረት ይቆረጣል። እያንዳንዱ ቁራጭ በቀዘቀዘ ቡና ውስጥ ገብቶ ወዲያው ይወጣል። «አንድ፣ ሁለት» ብሎ መቁጠር ይበቃል፤ «ሦስት» ያለ ሰው ፍትፍት በላ።

በመጨረሻ በጎድጓዳ ብርጭቆ ሳህን ውስጥ ከሥር ሩዙ፣ በላዩ ዳቦው፣ በላዩ አይቡ ይደረደራል፤ ይህም አንድ ጊዜ ይደገማል። ከላይ በጣም የላመ ቡና በሻይ ማጥለያ ይነሰነስበታል። እኔ ማቀዝቀዣ ስለሌለኝ ለስላሳ መጠጥ የሚሸጥ ጎረቤታችንን ለምኜ ከጠርሙሶቹ መካከል አሳደርኩት። ማቀዝቀዣ የማያገኝ ሰው በበዓሉ ጠዋት ሠርቶ ወዲያው ያቅርበው፤ የወተት ነገር በሙቀት አያድርም።

በፋሲካ ጠዋት

ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን በዶሮው ወጥ ከገደፍን በኋላ ቡና ተፈላ። ሳህኑን ሳመጣ ነጩ፣ ቡናማውና እንደገና ነጩ በብርጭቆው ጎን ተደርድሮ ይታይ ነበር። እትዬ በማንኪያ ቀመሱ፤ ዝም አሉ፤ ደግመው ቀመሱ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዘወር ብለው «ሩዙ ያለ ወተት እንዲህ አይጣፍጥም። መሬቱን ሁሉ አርሰህ ይህን በምን ልታሠራው ነው?» አሉት።

እሱም ሳህኑን ወደ ራሱ እየሳበ «ወተቱም ያለ ሩዝ ሳህኑን አይሞላው፣ እማዬ» ብሎ መለሰ።

ሁለቱም እውነት አላቸው። ልጁ ለትዳር ደርሷል፤ ሩዙ ደግሞ ገንዘብ ነው። እናቱ ላሟን ያሳደጓት ከጥጃነቷ ጀምሮ ነው፤ የጠዋት ሻያቸውም ከሷ ነው። በዚያ ቀን ከሲኒው በላይ ሲነጋገሩ አንድ አሳብ መጣ። የዘንድሮውን የሩዝ ጭድ ሳይሸጥ ለላሟ ሊከምርላት፣ ያችን ቁራጭ መሬትም ለአንድ ክረምት እንዲተዋት ተስማሙ። የሩዝ ጭድ ብቻውን ላምን በደንብ አያጠግብም፤ ሣር ካልታከለበት ወተቱ ይቀንሳል። ሆኖም ከምንም ይሻላል። ከክረምቱ በኋላ የሚሆነውን እነሱ ይወስናሉ፤ ተከራይ ከዚህ በላይ አይገባበትም።

አንባቢዎች ይህን ጣፋጭ በያላችሁበት ብትሞክሩት፣ በፎገራ ሩዝ ምትክ ሌላ ሩዝ፣ በድፎ ምትክ ብስኩት ይሆናል። አይቡን ግን አትተኩ፤ የኛነቱ ያለው እዚያ ላይ ነው። እትዬ ለሚመጣው በዓል ከወዲሁ አዝዘውኛል፤ «ዳቦውን ግን እኔ ነኝ የምነክረው» ብለዋል።