ስለ ፖም ቅቤ፤ በዝግታ በሚያበስል ድስት ስለ መሥራቱና ስለ ጥቅሙ

ለክቡራን ሹማምንት፣ ለባለ ይዞታዎችና ለወረዳ ሠራተኞች

የአንድ አገር የፍሬ ሀብት የሚለካው ከዛፍ በተለቀመው ብዛት ብቻ አይደለም፤ ሳይበላሽ ከሰው አፍና ከገበያ በደረሰው መጠን ነው እንጂ። ፖም ወደ አገራችን ደጋ ከገባ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሚሲዮናውያን በጋሞ ደጋ በቸንቻ የተከሉት ችግኝ ተባዝቶ ዛሬ ለብዙ ቤተ ሰብ መተዳደሪያ ሆኗል። ነገር ግን ገዢ የሚፈልገው ትልቁንና መልከ መልካሙን ፍሬ ስለ ሆነ፣ ነፋስ ያረገፈው፣ በረዶ የመታው፣ በመጠኑም ያነሰው ፍሬ ዋጋ አጥቶ ከዛፉ ሥር ይቀራል። ይህን የመሰለውን ፍሬ ወደ ምግብና ወደ ገንዘብ ለመለወጥ ከሚያስችሉት ዘዴዎች አንዱ የፖም ቅቤ ነውና፣ አሠራሩን ከዚህ በታች እንገልጻለን።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት ቃል መናገር ያስፈልጋል። ቅቤ መባሉ እንደ ቅቤ በዳቦ ላይ ስለሚቀባ ነው እንጂ፣ ከላም ወተት የሚገባበት አንዳች ነገር የለም። ስለዚህም በጾም ወራት የሚበላ ምግብ ነው። ይህ ለሕዝቡ በግልጥ ካልተነገረ ስሙን ብቻ ሰምቶ የሚተወው ሰው ብዙ ይሆናል። ከማርማላታም የሚለየው እንደ እርሱ በስኳር ብዛት የሚረጋ ባለመሆኑ ነው፤ የሚወፍረው የፍሬው ውሀ በረጅም ሰዓት እሳት ስለሚጎድል ነው።

ይህ ምግብ በአሜሪካ አገር በፔንሲልቬንያ በሰፈሩ፣ ዘራቸው ከጀርመን አገር በሆነ ገበሬዎች ዘንድ የታወቀ ነው። በመከር ወራት ጎረቤት እንደ ደቦ ተሰብስቦ፣ በደጅ ታላቅ የመዳብ ድስት ጥዶ፣ የፖም ጭማቂ እያፈላና የተላጠ ፖም እየጨመረ፣ ረጅም እጀታ ባለው የእንጨት ማማሰያ ቀኑን ሙሉ ሲያማስል ይውል ነበር። ማማሰሉ ጥቂት ቢቋረጥ ከሥር ያርራልና ሥራው እጅግ አድካሚ ነበር።

ይህን ድካም ያቃለለው በዝግታ የሚያበስለው የኤሌክትሪክ ድስት ነው። ኢርቪንግ ናክሰን የተባለው አሜሪካዊ ለዚህ ዓይነት ድስት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1940 የፈጠራ መብት ተቀበለ። አሳቡንም ያገኘው፣ በቪልና ከተማ የነበሩ አይሁድ ለሰንበት የሚሆነውን ወጥ ዓርብ ማታ በዳቦ ጋጋሪ ምድጃ እንደሚያሳድሩ ከእናቱ ሰምቶ ነው። ድስቱ በ1971 ክሮክ ፖት በሚል ስም ለገበያ ቀርቦ በብዙ ቤት ገባ። ውስጡ ወፍራም የሸክላ ድስት ሲሆን፣ የኤሌክትሪኩ ትኩሳት በዙሪያው ስለሚመጣ ከሥሩ ቶሎ አያሳርርም። በዝቅተኛው ትኩሳት የሚፈጀው ኀይልም ጥቂት ነው።

ዝግታው ለምን እንዳስፈለገ ማወቅ ይገባል። ከፖም ክብደት ከመቶ 85 ያህሉ ውሀ ነው። ውሀው ቀስ እያለ ሲጎድል በፍሬው ያለው ስኳር እየጠቆረ ይሄዳል፤ መልኩ ቡናማ፣ ጣዕሙም ጥልቅ ይሆናል። የወጥ ሽንኩርት በዝግታ የሚያቁላላ ሴት ወይዘሮ ሁሉ ይህን ጥበብ ታውቀዋለች፤ የተጣደፈ ሽንኩርት ያርራል እንጂ አይጣፍጥም።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ 6 ሊትር ለሚይዝ ድስት 3 ኪሎ ፖም ይበቃል። ጣፋጩንና ኮምጣጣውን ዓይነት መቀላቀል መልካም ነው። ታጥቦ፣ ተልጦ፣ ፍሬ ነገሩ ከነዘሩ ወጥቶ በትንንሹ ይከተፋል። ሩብ ሊትር ውሀና 4 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ይጨመርበታል።

ሁለተኛ፤ ድስቱ ተከድኖ በዝቅተኛው ትኩሳት ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይቆያል፤ ማታ ተጥዶ ቢያድር ይመቻል።

ሦስተኛ፤ ጠዋት የበሰለው ፍሬ ተደቁሶ በወንፊት ይጠለላል። ወደ ድስቱ ተመልሶ ግማሽ ኪሎ ስኳር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋና ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቅርንፉድ ይገባበታል።

አራተኛ፤ ትኩሳቱ ከፍ ይደረጋል፤ በድስቱ አፍ ላይ ማንኪያ ተጋድሞ ክዳኑ በእርሱ ላይ ይቀመጣል፤ እንፋሎቱ እንዲወጣ ነው። ከ3 እስከ 5 ሰዓት በየግማሽ ሰዓቱ እየተማሰለ ይጎድላል።

አምስተኛ፤ መድረሱ የሚታወቀው ጥቂቱ በቀዝቃዛ ሳሕን ላይ ሲደረግ በዙሪያው ውሀ ያልለቀቀ እንደ ሆነ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ግማሽ ሊትር የሚይዙ ሦስት ጠርሙሶች ያህል ነው።

መብራት ቢጠፋና ቶሎ ባይመለስ፣ ሥራው ወደ ሌላ ድስት ተገልብጦ በከሰል ላይ በለዘበ እሳት እየተማሰለ ይፈጸም፤ በግማሽ ሙቀት ተትቶ ሊያድር አይገባውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ይህን የሚጽፈው ጸሓፊ በመጀመሪያ ጊዜ የሞከረው በባሕር ጠረፍ አገር የተጻፈ መጽሐፍ ይዞ ነበር። መጽሐፉ የታሸገውን ጠርሙስ 5 ደቂቃ ቀቅሉ ይላልና እንዲሁ አደረገ፤ ድስቱንም ክዳኑን ሳያነሣለት አሳድሮ ነበርና ቅቤው ቀጥኖ ቀረ። በሦስተኛው ሳምንት ጠርሙሶቹ ሻግተው ተገኙ። ጥፋቱ የድስቱም የፍሬውም አልነበረም፤ የጸሓፊው ነበር እንጂ።

ምክንያቱ ይህ ነው። አገር ከፍ ባለ ቍጥር ውሀ በዝቅተኛ ትኩሳት ይፈላል። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሀ፣ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለው በአዲስ አበባ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ በደጋ አገር ጊዜው መርዘም አለበት። ከባሕር ጠለል እስከ 300 ሜትር 5 ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1,800 ሜትር 10 ደቂቃ፣ ከ1,800 ሜትር በላይ 15 ደቂቃ ነው። ፖም የሚበቅልበት የአገራችን ደጋ ሁሉ በመጨረሻው መደብ ይገባል። ይህ ልክ ከግማሽ ሊትር ላልበለጠ ጠርሙስ ነው።

ጠርሙሱ በፈላ ውሀ ታጥቦ ገና በሙቀቱ ሳለ ትኩሱ ቅቤ ይጨመርበታል፤ ከአፉ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ይጉደል። አፉ ተወልውሎ በአዲስ ክዳን ይዘጋል፤ ጨርቅ በተነጠፈበት ጥልቅ ድስት ውስጥ ውሀው ከክዳኑ በላይ እስኪሆን ተሞልቶ ይቀቀላል፤ ደቂቃውም የሚቆጠረው ውሀው ከፈላ ጀምሮ ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ የክዳኑ መካከል ወደ ታች ያልገባ ጠርሙስ ካለ፣ በማቀዝቀዣ ተቀምጦ አስቀድሞ ይበላ። የተቀረው በጨለማና በቀዝቃዛ ስፍራ አንድ ዓመት ይቆያል።

ከዚህ ቀጥሎ የተጻፉትን ማስጠንቀቂያዎች ለሕዝቡ አጥብቃችሁ እንድታስረዱ ያስፈልጋል። የተመታውን ፍሬ ቁስሉን ቆርጦ መጠቀም ይቻላል፤ የበሰበሰውንና የሻገተውን ግን ፈጽሞ መጣል ይገባል፤ በብስባሽ ፖም የሚገኘው ፓቱሊን የተባለው መርዝ በማብሰል አይጠፋምና። ስኳሩን መቀነስ ይቻላል፤ ሎሚውን ግን መቀነስ አይገባም፤ ከአደገኛው የቆርቆሮ ምግብ መርዝ የሚጠብቀው ኮምጣጣነቱ ነውና። ለማብዛት ሲባል ዱባ ወይም ሙዝ ቢቀላቀልበት ይህ ጥበቃ ይፈርሳል። በመዳብ ወይም በአሉሚንየም ዕቃ ውስጥም ማሳደር ክልክል ነው፤ ኮምጣጣው ብረቱን ያሟሟዋልና።

በመጨረሻ ስለ ሹማምንት ድርሻ ጥቂት እንናገራለን። ይህ ሥራ በአንድ ቤት ተሞክሮ ለሌላው የሚታይ እንጂ በትእዛዝ የሚስፋፋ አይደለም። ለትምህርት ማሳያ የሚሆን ፍሬ ከገበሬ ሲወሰድ ዋጋው እዚያው ይከፈል፤ የወደቀ ፍሬ ነው ተብሎ በነጻ ቢወሰድ፣ ገበሬው በሚመጣው ዓመት የወደቀውን ለከብቱ ይሰጠዋል እንጂ ወደ እናንተ አያመጣውም። ሴቶች ተሰብስበው በአንድ ድስት ቢጀምሩ፣ ገዢ መኖሩም ከታወቀ በኋላ ሁለተኛውን ቢገዙ ይሻላል፤ ሽያጩ ሳይታወቅ ለዕቃ ብድር ማስገባት ቤተ ሰብን ይጐዳል። ለገበያ ከመቅረቡ በፊት የሚመለከተው የምግብ ቍጥጥር ፈቃድ ይጠየቅ፤ በያንዳንዱም ጠርሙስ ላይ የተሠራበት ቀን ይጻፍ።

ሦስት ጠርሙስ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ዛሬ ከዛፍ ሥር የሚበሰብሰውን ፍሬ በየአንዳንዱ የፖም አትክልት ዞራችሁ ብታዩት፣ ስንት ጠርሙስ እንደሚሞላ ራሳችሁ ልትቆጥሩት ትችላላችሁ።