ያውቁ ኖሯል? ባንክ በፖስታ ሲላክ

የአሜሪካ ገበሬ ደብዳቤ ደጁ ድረስ የመጣለት እ.ኤ.አ. በ1896 እንደነበር ያውቁ ኖሯል? አፄ ምኒልክ የኢትዮጵያን ፖስታ ካቋቋሙ ከሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው! የከተማው ሰው ግን ከ1863 ጀምሮ ፖስተኛ በሩን ያንኳኳለት ነበር።

ፖስታ ቤቱ ጭቃ የዋጠውን መንገድ አይቶ «ካልተጠገነ አልመጣም» ይል እንደነበርስ? ገበሬዎቹ ቦይ ቀደው፣ ጉድጓድ ደፍነው ጠበቁት። ጋዜጣ ለማግኘት ሲሉ መንገድ ሠሩ።

የመጀመሪያዎቹ የፖስታ ሣጥኖችስ? የሽሮፕ ጣሳና የሳሙና ሣጥን፣ አጥር ላይ የተቸነከሩ። ፖስተኛው በጋሪው ሲመጣ ቴምብር ይሸጣል፣ አደራ ደብዳቤ ይቀበላል፣ ሐዋላ ይልካል። ሁሉም ደስ አለው ማለት ግን አይደለም፤ ትንንሽ የመንደር ፖስታ ቤቶች ተዘጉ፣ ባለሱቁም ደንበኛው ከካታሎግ መርጦ በፖስታ ሲያዝ ቆሞ አየ።

እስከ 1912 መጨረሻ ፖስታ ቤት ከሁለት ኪሎ ገደማ የሚበልጥ ጥቅል አይቀበልም ነበር። በጥር 1913 በሩ ሲከፈት ግን ሰው ምን ያልላከው ነገር አለ! በ1916 በዩታ ግዛት ቨርናል በምትባል ከተማ ባንክ ሊሠራ ተፈለገ። ጡቡ ያለው ሶልት ሌክ ሲቲ ነው። የፖስታ ዋጋ የሚተመነው ካርታ ላይ በቀጥታ በሚለካ ርቀት ስለነበር ከጭነት ድርጅቶቹ በብዙ ረከሰ። እናም 80,000 ያህል ጡብ በ50 ፓውንድ (23 ኪሎ ገደማ) እየታሸገ ተላከ። ካርታው 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢልም ጡቡ በባቡርና በጋሪ ዞሮ ከ600 በላይ ተጓዘ፤ ኪሳራው የፖስታ ቤቱ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው በቀን ከ200 ፓውንድ በላይ እንዳይልክ ተከለከለ። ሕንፃው ዛሬም ቆሟል።

በ1913 በኦሃዮ ወላጆች የስምንት ወር ሕፃን በ15 ሳንቲም ለአያቱ በፖስተኛ መላካቸውንስ? ቅርብ ነው፣ አንድ ማይል ያህል። ፖስተኛውም የሰፈር ሰው ነውና አደራው አልከበዳቸውም ይሆናል። ቆይቶ ሰው መላክ ተከለከለ።

ጫጩት ግን ዛሬም በፖስታ ይሄዳል። ከእንቁላሉ የወጣ ጫጩት ሆዱ ውስጥ በቀረው አስኳል ሦስት ቀን ያህል ሳይበላ ሳይጠጣ ይቆያል።