«ካልዶ» እና «ካልት»፦ መልክ እያመሳሰለ ዘር የለያቸው ቃላት

ጣሊያን አገር የውሃ ቧንቧ ላይ «ሲ» የምትባለው የላቲን ፊደል ካለች የሚወርደው ትኩስ ውሃ ነው፤ እንግሊዝ አገር ግን ያችው ፊደል ቀዝቃዛውን ታመለክታለች። የጣሊያኑ «ካልዶ» ትኩስ ሲሆን የእንግሊዙ «ኮልድ» እና የጀርመኑ «ካልት» ቀዝቃዛ ናቸው። ሦስቱ ቋንቋዎች ኢንዶ-አውሮፓዊ ከሚባለው አንድ ግንድ ስለወጡ፣ «አንዱ ቃል ትርጉሙ ተገልብጦ ይሆናል» ብሎ ያሰበ ሰው አይፈረድበትም። ሆኖም የቃላት ዝምድና በመልክ አይዳኝም፤ ዳኛው የድምፅ ሥርዓት ነው።

«ካልዶ» የላቲኑ «ካሊዱስ» ልጅ ነው፤ የፈረንሳዩ «ሾ»፣ የሮማኒያው «ካልድ»፣ እኛ ዘንድ የደረሰው «ካሎሪ»ም ከዚያው ቤት ናቸው። (ቀዝቃዛውን ጣሊያኖች «ፍሬዶ» ይሉታል፤ የእኛም «ፍሪጅ» ሥሩ እዚያ ነው።) ወደ «ካልት» የሚያደርሰው ግን የዴንማርኩ ራስሙስ ራስክ በ1818 እ.ኤ.አ.፣ ጀርመናዊው ያኮብ ግሪም በ1822 እ.ኤ.አ. ያስረዱት የድምፅ ለውጥ ነው። በላቲን «ክ» የሆነው ድምፅ በጀርመናውያን ቋንቋዎች «ህ»፣ «ግ» የሆነውም «ክ» ሆኖ ይገኛል። ላቲን ቀንድን «ኮርኑ» ሲል ጀርመን «ሆርን» ይላል፤ ጉልበትን «ጌኑ» ሲል «ክኒ» ይላል። ስለዚህ የ«ካልዶ» የጥንት ዘመድ ጀርመን ቤት ቢፈለግ መነሻው «ክ» ሊሆን አይችልም። የ«ካልት» እውነተኛ ዘመድ ደግሞ በላቲን ውርጭ ማለት የሆነው «ጌሉ» ነው። «ጄላቶ» የተባለው የጣሊያን አይስክሬም የተወለደው ከእርሱ ነው፤ በመልክ የማይመሳሰሉት «ካልት» እና «ጄላቶ» የሥጋ ዘመዳሞች ሆኑ ማለት ነው! ከዚህ የበለጠ የሚያምር ማስረጃ አላውቅም።

«ትርጉም ይገለበጣል እኮ» የሚል ተከራካሪ የሊትዌኒያን ቋንቋ ሊጠቅስ ይችላል፤ እዚያ «ሺልታስ» ሞቃት፣ «ሻልታስ» ቀዝቃዛ ነው፣ ሁለቱንም ከአንድ ሥር የሚያወጡ ሊቃውንት አሉ። እኛስ ውርጭ የመታውን ቡቃያ «አቃጠለው» እንል የለም? አልክድም። ግን ትርጉም ሊገለበጥ መቻሉ ብቻውን አያስፈርድም፤ ለሊትዌኒያው ጥንድ ድምፁ መንገድ ይሰጣል፣ ለ«ካልዶ» እና ለ«ካልት» ይከለክላል። ከበድ የሚለው መቃወሚያ የእንግሊዙ «ስኮልድ» ነው። በፈላ ውሃ መለብለብ ማለት ሆኖ ሳለ «ክ»ን እንደያዘ ቀርቷል፤ ታዲያ ሕጉ ለምን አልነካውም? ቃሉ ከላቲን በሰሜን ፈረንሳይ በኩል በመካከለኛው ዘመን የገባ ውሰት ስለሆነ ነው፤ ሲደርስ ለውጡ ካበቃ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈው ነበር። ዛሬ እንግሊዝኛ ውስጥ «ኮልድ» እና «ስኮልድ» ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ አንዱ የውርጩ፣ ሌላው የ«ካልዶ» ዘር።