ጥጥ መንደፍና ሥራ መንደፍ

የገለጉ አራሾች፣ የቋራ እናቶችና አባቶች፦

ዛሬ አንድ ቃል ይዘን እንነሣለን። ቃሉን ታውቁታላችሁ። «መንደፍ» ነው።

ጥጥ ከማሳ ይለቀማል። ይዳመጣል፤ ፍሬው ይወጣል። ከዚያ በደጋን ይነደፋል። የተቋጠረው ይፈታል፤ የተጨማደደው ይሳሳል። ያልተነደፈ ጥጥ ለእንዝርት አይመችም፤ ክሩ ይጎረብጣል፣ ይበጠሳል።

ይኸው ቃል ሌላም ትርጉም አለው። አናጢ ቤት ከመሥራቱ በፊት በእንጨት ጫፍ መሬቱን ይጭራል። በሩ በየት ይሁን? ነፋስ በየት ይግባ? ጭስ በየት ይውጣ? ይህም መንደፍ ይባላል። መሬት ላይ የተጫረው ንድፍ ነው። እንግዲህ ንድፍ ማለት እጅ ሥራ ሳይጀምር ሐሳብን ማፍታታት ነው። ጥጥ ሳይነደፍ እንደማይፈተል ሁሉ፣ ሥራም ሳይነደፍ አያምርም።

«ጥበብ» የሚለውንም ቃል ተመልከቱ። ጥበብ ዕውቀት ነው። በቀሚስ ጠርዝ ላይ የሚሠራው ባለቀለም ጌጥም ጥበብ ይባላል። ዕውቀትና ውበት አንድ ስም አላቸው። ያለ ነገር አይደለም። ውብ ሥራ ያወቀ እጅ ሥራ ነውና።

ንድፍ በደጃችን አለ

«ንድፍ የከተማ ሰው ነገር ነው፤ እኛ ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። በገበያ ቀን ዐይናችሁን ከፍታችሁ ተመልከቱ።

የጉሙዝ ሴት ሸክም ስትሸከም አይታችኋል። አንድ በትር ትከሻዋ ላይ ታደርጋለች። ሸክሙን ለሁለት ትከፍለዋለች። ግማሹ ከፊት፣ ግማሹ ከኋላ ይንጠለጠላል። ሁለቱ ወገን ስለሚመዛዘን ቀጥ ብላ ትሄዳለች። በደጋ ግን እናቶቻችን እንጨቱንም እንስራውንም በጀርባቸው ተሸክመው ጎብጠው ይሄዳሉ። ሸክሙ ያው ሸክም ነው። ልዩነቱ ንድፉ ነው።

የሽመል ቤትንም እዩ። ሽመል የቆላ ቀርቀሃ ነው። ተሰንጥቆ ሲጠለፍ ግድግዳ ይሆናል፤ በስንጥቁም ነፋስ ይገባል። በቆላ ሙቀት እንዲህ ያለ ቤት የተገኘው በዕድል አይደለም። የአገሩን ፀሐይ ያወቀ ሰው አስቦ የሠራው ነው።

ስለዚህ ንድፍ ከሩቅ የሚመጣ ነገር አይደለም። እኛው ዘንድ አለ። የጎደለው ሌላ ነገር ነው።

የጎደለው ክብር ነው

ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» ብለን ሰደብን። ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» ብለን ሸሸን። ማረሻችንን የሚሠራልንን ቀጥቃጭ በጎን አየነው። በሠራው ማረሻ አርሰን፣ በሠራችው ምጣድ ጋግረን፣ በሸመነው ጋቢ ተሸፍነን፣ ሠሪዎቹን ግን ከማዕዳችን አራቅን። ይህ እውነት ነው፤ መደበቅ አይገባም።

ይህ ንቀት ማንን ጎዳ? መጀመሪያ ባለሙያውን ጎዳ። ቀጥሎ መንደሩን ሁሉ ጎዳ። የተናቀ ሙያ ለልጅ አይተላለፍም። አባቱ ሲሰደብ የሰማ ልጅ የአባቱን መወርወሪያ አያነሣም።

ንቀቱን የተቃወሙ ግን ነበሩ። አንዱ የዚሁ የቋራ ሰው ናቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ በልጅነት ስማቸው ካሣ ሲባሉ፣ ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው እንደነበር ተጽፏል። ከነገሡ በኋላ በደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት በተባለ ቦታ፣ የእጅ ሥራ መንደር አቋቋሙ። አውሮፓውያን ባለሙያዎችና የአገር ልጆች አብረው ብረት አቀለጡ። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቅ መድፍ በ1850ዎቹ መጨረሻ የተሠራው እዚያ ነው። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነው። ዳገትና ቁልቁለት ተጎትቶ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። ዛሬም እዚያው አለ።

ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ጥሩ ነበር። ነገር ግን አዋጅ ብቻውን ልብ አይለውጥም። ልብ የሚለውጠው በዐይን የታየ ሥራ ነው።

በዐይን የታየ ሥራ፦ አውራ አምባ

ከጋፋት ብዙ ሳንርቅ ሌላ ሥራ እናያለን። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ አጠገብ፣ በፎገራ ወረዳ፣ አውራ አምባ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ሕዝቧ 500 ያህል ነው። በ1964 ዓ.ም. ዙምራ ኑሩና ጥቂት ሰዎች አብረን ሠርተን አብረን እንኑር ብለው መሠረቷት።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። ጎረቤት ጠላቸው። በደርግ ዘመን ቀያቸውን ጥለው ወደ ደቡብ፣ እስከ ቦንጋ ድረስ ተሰደዱ። በ1985 ዓ.ም. ሲመለሱ መሬታቸው በሌሎች ተይዞ ነበር። የቀራቸው 17.5 ሄክታር ብቻ ነው። እናንተ አራሾች ናችሁና አስሉት። 17.5 ሄክታር ለ500 ሰው ምን ያደርሳል?

እነርሱም አሰሉት። እርሻ ብቻውን እንደማያበላቸው ዐወቁ። ተበትነን የቀን ሥራ እንፈልግ አላሉም። እጃችን ምን ያውቃል ብለው ጠየቁ። ሽመና ያውቃል! የሽመና ቤት ሠሩ። ጋቢ፣ ነጠላ፣ ብርድ ልብስ፣ የአልጋ ልብስ ይሠሩ ጀመር። እህል ወፍጮና ንግድም ጨመሩበት።

አንድ ትልቅ ነገር ደግሞ አደረጉ። ልማዱ «ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል» ይል ነበር። እነርሱ ልማዱን ተዉት። በአውራ አምባ ሴትም ትሸምናለች፤ ወንድም ይፈትላል፣ እንጀራም ይጋግራል። እጅ ሁሉ ለሥራ ተፈታ። አስቡት! መንደሩ አንድ ሰው እንኳ ሳይጨምር የሸማኔው ቁጥር በዛ።

ቤታቸውንም ነደፉት። መቀመጫውና መደርደሪያው ከጭቃ የተሠራ ነው። ምድጃው ዝግ ነው፤ ጭሱን በመውጫ ወደ ደጅ ያወጣል። ጭቃው ያው እናንተ ግድግዳ የምትለስኑበት ጭቃ ነው። የተጨመረው ሐሳብ ነው። በዚያ ሐሳብ የእናት ዐይን ከጭስ ዳነ፤ የሚነደውም እንጨት ቀነሰ።

ከሳምንቱ አንዱን ቀን ደግሞ ለችግረኛ ይሠራሉ። የዚያ ቀን ገቢ ለአረጋዊ፣ ለታመመ፣ ወላጅ ለሌለው ልጅ ይውላል። ጧሪ የሌለው ሽማግሌ የሚጦርበት ቤት አላቸው። ልጆች የሚማሩበት፣ ሰው መጽሐፍ የሚያነብበት ቤትም አላቸው።

እንግዲህ ያቺን መንደር ያቆማት መሬቱ አይደለም፤ መሬቱ ትንሽ ነው። ያቆማት ሙያን ማክበሯና ሥራን አብሮ መንደፏ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው በእርሷ ታየ።

እኛስ ከየት እንጀምር?

አውራ አምባ ጥጡም ክሩም ከሌላ ቦታ ይመጣላታል። እናንተ ግን በጥጥ አገር ነው ያላችሁት። በቋራና በመተማ ጥጥ ይበቅላል፤ ሰሊጥም ይበቅላል። ነገር ግን ጥጡ በጥሬው ተጭኖ ይሄዳል። ተፈትሎና ተሸምኖ ሲመለስ መልሳችሁ ትገዙታላችሁ። እስቲ እርሳስ አንሡና አስሉ። ለአንድ ጋቢ ስንት ኪሎ ጥጥ ይገባል? ጥጡን ስንት ሸጣችሁት? ጋቢውን ስንት ገዛችሁት? መሐል ላይ ያለው ብር የእጅ ሥራ ዋጋ ነው። ያ ብር ከመንደራችሁ ወጥቶ ሄዷል።

እርሻችሁን ተዉ ማለታችን አይደለም። ሽመና የሰሊጥን ቦታ አይወስድም። ነገር ግን ሰሊጥ ወቅት አለው፤ ዝናብ ከቀረ ይቀራል፤ ዋጋውንም የሚቆርጠው ሌላ ነው። ሙያ ያለው ቤት በበጋም ሥራ አይፈታም።

ስለዚህ ይህን ሞክሩ።

አንደኛ፦ በቀበሌያችሁ ያሉትን ባለሙያዎች በስማቸው ጻፉ። ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭ፣ ሽመል ጠላፊ፣ ስፌት ሰፊ፣ አናጢ። ከደጋ የመጣውንም፣ የጉሙዙንም፣ ሴቷንም አትርሱ። በስብሰባ ላይ በክብር ጥሯቸው።

ሁለተኛ፦ ለእያንዳንዱ ባለሙያ ሁለት ወይም ሦስት ልጅ ስጡት፤ ወንድም ሴትም ይሁኑ። ሙያው ከእርሱ ጋር እንዳይቀበር።

ሦስተኛ፦ ከመሥራታችሁ በፊት ንደፉ። ሀን የጻፈ እጅ ወንበርም መሣል አያቅተውም። ፊደልም እኮ መስመርና ክብ ነው! ርዝመቱን፣ ስፋቱን፣ ወጪውን ጻፉ። ያላማረውን በላጲስ ማጥፋት፣ የተቆረጠ እንጨት ከማባከን ይሻላል።

አራተኛ፦ ዕቃውን ሳትጨርሱ ጠብቁት። ሽመል ሦስት ዓመት ሳይሞላው አትቁረጡ። ለጋ ሽመል ጣፋጭ ስለሆነ ነቀዝ ይበላዋል። የተቆረጠውንም ውኃ ውስጥ ብታሰነብቱት ነቀዝ የሚወደው ነገር ይታጠባል። የአላጥሽ ፓርክ ዛፍና ሽመል ግን የሁላችን ነውና አይነካም።

አምስተኛ፦ በትንሹ ጀምሩ። መጀመሪያ ለራሳችሁ ቤት ሥሩ። ጭስ የሚያወጣ አንድ ምድጃ፣ ለልጆች መማሪያ አንድ አግዳሚ ወንበር ይበቃል። ጎረቤት አይቶ «ለኔም» ሲላችሁ፣ ያኔ ገበያው መጥቷል።

ወንድማችን፣ ያ ሸማኔ ጎረቤትህ ነገ በደጅህ ሲያልፍ ምን ብለህ ትጠራዋለህ? እኅታችን፣ ልጅሽ መወርወሪያ ልያዝ ስትልሽ ምን ትያታለሽ? የመንደራችሁ ንድፍ የሚጀምረው ከዚያ መልስ ነው።

አንብባችሁ ተወያዩ

1. በመንደራችን የጠፋ ሙያ የትኛው ነው? ለምን ጠፋ?

2. በመንደራችን የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ የቀራቸው ሙያዎች የትኞቹ ናቸው? ማን ይማራቸው?

3. በጥሬው ሸጠን፣ ተሠርቶ ሲመለስ የምንገዛው ነገር ምን ምን ነው?