ከአውራው መንገድ እስከ ጎጆው ያለው ርቀትም በዕቅድ ይያዝ

የገጠር ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ ከሚያስኬድ መንገድ ጋር ለማገናኘት ሰፊ ፕሮግራም የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ነበር። በዚህም ምክንያት ብዙ ቀበሌ ባጃጅና አይሱዙ ደጁ ድረስ ሲመጣ ለማየት በቅቷል። ይሁን እንጂ የመንገዱ ኪሎ ሜትር የሚቆጠረው እስከ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት በመሆኑ፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ጎጆው ያለው አቀበት፣ ቁልቁለትና ወንዝ ከሒሳብ ሳይገባ ይቀራል። ጉልበቱ የከዳው አረጋዊ፣ በትራኮማ ዓይኑን ያጣ ገበሬና በምርኩዝ የምትሄድ እናት የሚቸገሩትም በዚሁ ባልተለካው መንገድ ላይ ነው።

ችግሩ ጎልቶ የሚታየው በሴፍቲኔት ክፍያ ቀን ነው። ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር፣ መሥራት ለማይችሉ ወገኖች ቀጥተኛ ድጋፍ እንዲሰጥ ተደርጎ ነው የተቀየሰው። እንግዲህ ድንጋይ መሸከም አይችልም ተብሎ የተመዘገበን ሰው፣ ገንዘቡን ለመቀበል ዳገት ውጣ ማለት እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር ነው።

ደግነቱ መላውም የሚገኘው በዚያው ፕሮግራም ውስጥ ነው። መሥራት የሚችሉት አባላት ከሚያከናውኗቸው የማኅበረሰብ ሥራዎች አንዱ የመንገድ ሥራ ነውና፣ የማኅበሩ መሪዎች ዕቅዱን ከማውጣታቸው በፊት ባለጉዳዮቹን ራሳቸውን ይዘው መንገዱን በእግር ቢያዩት ይጠቅማል። ብዙ ጊዜ እንቅፋቱ ትንሽ ነው። ለእርከን የተቆፈረ ቦይ መሻገሪያ ሳይበጅለት ቀርቷል፤ ከአጥር የወጣ ቀጋ ዓይነ ስውሩን ፊቱን ይቧጭረዋል። ቦዩ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ማጋደምና ቀጋውን መመልመል የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

አቀበቱ ግን ልኬት ይጠይቃል። ለተሽከርካሪ ወንበር 1 ሜትር ከፍታ ለመውጣት መንገዱ ቢያንስ 12 ሜትር መርዘም እንዳለበት የታወቀ መለኪያ ሲሆን፣ ስፋቱም ከ90 ሳንቲ ሜትር ማነስ የለበትም። ዳገቱን ፊት ለፊት ከመቅደድ ጠምዘዝ እያደረጉ ማውጣት ይሻላል፤ ጭነት የያዘች አህያም የምትመርጠው ይህንኑ ነው። ገደላማ በሆነ አገር ይህ የማይሞከር ሊሆን ይችላል። በዚያ ጊዜ በቅሎ ወይም ቃሬዛ በተራ የሚያቀርብ ዕድር ካለ፣ እርሱም ከመንገድ ሥራው እኩል በዕቅዱ መግባት ይገባዋል።

መኪናው ጋ ከተደረሰ በኋላም መሳፈሩ ራሱ ችግር ነው። በመሳፈሪያው ቦታ ከመኪናው ወለል ጋር ተለክቶ የተስተካከለ፣ በአንድ ወገን ዝቅዝቅ ያለ መውጫ ያለው የድንጋይ መደብ ቢሠራ፣ አረጋዊውን በብብቱ ይዞ ማንጠልጠል ይቀራል።

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ መንገድና መጓጓዣ በከተማም በገጠርም ለእነርሱ የተመቸ እንዲሆን ስለሚያዝ፣ መሪዎች ከወረዳው ሲሚንቶም ሆነ ባለሙያ ሲጠይቁ ልመና አይደለም። ከሾፌሮችም ጋር የፊት ወንበር ለአቅመ ደካሞች እንዲተውና ተሽከርካሪ ወንበር እንደ ጭነት እንዳይከፈልበት ተስማምቶ በቃለ ጉባኤ ማስፈር ያስፈልጋል። የክፍያው ቀን ከገበያው ቀን ጋር እንዲገጥም ወረዳው ከተስማማ ደግሞ፣ አረጋዊው በአንድ ጉዞ ገንዘቡን ተቀብሎ ጨውና በርበሬውንም ገዝቶ ይመለሳል።